እባክህ የማይሠራበት በረሃ

ጎርፉ ሲመጣ ሰማዩ ላይ ብጣሽ ደመና አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ ነው። ሸለቆው መጀመሪያ እንደ ከባድ መኪና አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ግራር እየነቀለ፣ ቋጥኝ ከቋጥኝ እያላተመ፣ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ በመታጠፊያው ብቅ አለ።

ዞሃራ የቦራምን አንገትጌ ጨምድዳ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ወገብ ወረወረቻት። «ውጪ። በእጅሽም በጥርስሽም ውጪ።»

ቦራም ቧጥጣ ወጣች። ውኃው ከእግሯ ሥር ሁለቱንም የጀርባ ቦርሳ፣ ስልኮቹን ጭምር፣ ጠራርጎ ወሰደ፤ አንገቱ የተሰበረ ዋልያም እያገላበጠ አለፈ።

ቦራም ከኮርያ የመጣች መንገደኛ ናት፤ የእስራኤልን የኔጌቭ በረሃ በእግሯ ልታቋርጥ ተነሥታለች። ዞሃራ መሪዋ ናት፤ ስድሳን ያለፈች፣ ድሮ የሠራዊት ነርስ የነበረች፣ ምላሷ ከቀጋ እሾህ የባሰ ሴት። የሕመም ቃል በዕብራይስጥ የማያውቅ ከእኔ ጋር አይሄድም ብላ ስላስጠነቀቀቻት፣ ቦራም መንገዱን ሁሉ እንደ ዳዊት ደጋሚ ስታነበንብ ነው የመጣችው። «አኒ ጽሪኻ ሮፌ»፣ ሐኪም እፈልጋለሁ። «ኮኤቭ ሊ ፖ»፣ እዚህ ጋ ያመኛል። «ናኻሽ ሂኪሽ ኦታ»፣ እባብ ነደፋት። ዞሃራ በቃሉ አልተከፋችም። ያስከፋት አነጋገሩ ነው።

«ምን ያንሾካሽክሻል? ወገብሽስ ለምንድን ነው የሚጎብጠው?»

«ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የምንናገረው፣ እትዬ ዞሃራ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እትዬ ትላለች ደግሞ። ስሚ ነፍሴ፣ እዚህ አገር ሚኒስትሩም አህያ ነጂውም አንተ ነው። በሹክሹክታ የታመመ በሹክሹክታ ይቀበራል።»

ያን ቀን ግን ጎርፉን የሸሹት እነሱ ብቻ አልነበሩም። ጊንጡም ጥንዚዛውም ከነሱ ጋር ወደ ላይ ይጎርፋል። ዞሃራ ለመንጠልጠል እጇን ስንጥቅ ውስጥ ስትከት፣ አንድ ነገር እንደ መጋዝ ተፋጨ፤ እጇን ስትመዝ እፉኝት ከአውራ ጣቷ ሥር ተንጠልጥሎ ወጣ። ጭንቅላቱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ ከነእጇ ከዓለቱ ጋር አጋጨችው።

«በላኝ» አለች። ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ እብጠቱ የደረሰበት ላይ መስመር አሰመረች። «ሐኪሙ የመርዙን ፍጥነት በዚህ ያውቀዋል። እንዳትቆርጪ፣ መርዙን በአፍሽ እንዳትስቢ፣ እንዳታስሪ። ከተራመድኩ ይሰራጫል። ተሸከሚኝ።»

ቦራም ተሸከመቻት። መኪና መንገዱ ከሸንተረሩ ወዲያ ነው። ጠጠሩ እየከዳት፣ ፀሐዩ ማጅራቷን እየገረፋት ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራታ በጎኗ ድንጋይ ላይ ስትወድቅ፣ ውስጧ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማችው። አሮጊቷን መልሳ አዘለች። ዞሃራ ሌላ መስመር አሰመረች፤ ከክርን በላይ። ድዷ መድማት ጀምሮ ጥርሷ ቀልቷል።

ከሸለቆው አፍ አሸዋ በመሰለ መረብ የተሸፈነ ፒክአፕ ቆሟል። አንድ ጢማም ሰው ማዳበሪያ ጆንያ ይጭናል፤ ኮንትሮባንድ የሚያሻግር መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ቦራም አሮጊቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ ቀረበችና ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ናኻሽ ሂኪሽ ኦታ። እባክዎ።»

«እዚህ መኪና አላየሽም፣ ሰው አላየሽም» አለ። «ዙሪና ሂጂ።»

«እባክዎ፣ ትሞታለች።»

በጫማው ጎኗን አላት፤ ያንኑ የተሰበረውን። አቧራው ላይ ተንከባለለች። ሰውየው መረቡን ገፍፎ መሪው ጋ ገባ።

ዞሃራ ከጥላው ደም ተፋች። «ነፍሴ፣ በልመና ልትገድይኝ ነው?»

ቦራም ያነሣችው ድንጋይ የሰው ጭንቅላት ያክላል። የመኪናው የፊት መስታወት ዝርግፍ አለ። ሰውየው ዘልሎ ሲወርድ በሩን በክንዱ ላይ ዘጋችበት፤ ጮኸና በጤነኛ እጁ አፏን ደቁሷት ጥርስ አረገፈ። ጆሮውን ነከሰች። ተያይዘው ወደቁ፤ ፀጉሩን ይዛ ግንባሩን ከጎማው ብረት ጋር ሁለቴ አጋጨችው፤ ከወገቡ ያወጣችውን ቢላ አገጩ ሥር ስታስጠጋበት ደሙ ዓይኑን ሞልቶት ነበር።

«አኒ ጽሪኻ ሮፌ» አለች። ድምፅዋ ከገደል ገደል ተላተመ። «ንዳ።»

«ጆንያዎቹን ላውርድ። ኬላ አለ እኮ፣ ያስሩኛል።»

«ንዳ።»

ነዳ፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይን። ንፋሱ የመስታወት ስባሪ ፊታቸው ላይ ይበትናል። ጋቢናው ውስጥ ዞሃራ የቦራም ጭን ላይ ከበደች፤ መስመር ማስመሩን እጇ ተወው።

«ዞሃራ። ዓይንሽን እንዳትከድኚ። አንቺን ነው የማናግረው።»

«አንቺ አለችኝ» አለች አሮጊቷ፣ በደም ጥርሷ ፈገግ ብላ። «ምትክሽ ልሁን።»

ኬላው ላይ ወታደሮቹ ጠመንጃ ደገኑ። ቦራም በተሰበረው መስታወት ወገቧ ድረስ ወጥታ «ናኻሽ ሂኪሽ ኦታ» ብላ ስትጮህባቸው፣ አዛዡ ጆንያውን ትቶ የዞሃራን ክንድ አየ። ሦስቱንም በአንድ አምቡላንስ አስጫናቸው።

ድንገተኛ ክፍሉ እንደ ገበያ ይተራመሳል። አንድ ሽማግሌ «ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» እያለ ሰልፉን ሰንጥቆ ሐኪሟ ፊት ተገተረ፤ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው።

«እኔ የምትሞት ሰው አለችኝ» ብላ ቦራም በክርኗ ገፈተረችው። ሽማግሌው ተሳደበና መንገድ ለቀቀ። ሐኪሟ የዞሃራን ክንድ ገልጣ መስመሮቹን ከታች እስከ ትከሻ በጣቷ ተከተለች፤ ሌላ አልጠየቀችም። የእፉኝቱ ማርከሻ አምጡ ብላ ጮኸች።

የዞሃራ አውራ ጣት መትረፉን እንጃ፣ ሴትዮዋ ግን ትኖራለች ያሏት በማግስቱ ጠዋት ነው። ቦራም የጎን አጥንቷ ታሽጎ ተጋድማለች። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ጢማሙ አንድ እጁ በጄሶ፣ ሌላው ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ነው።

«እብድ» አላት። «በሥርዓት ብትጠይቂኝ ኖሮ እኮ አደርሳችሁ ነበር።»

«ጠይቄህ ነበር።»

ሰውየው የተሰፋ ግንባሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።