ሰው ጥሩልኝ

«አንቺ አህያ! ገለል በይ እንጂ!» አለ የሚኒባሱ ረዳት፣ አንገቱን በመስኮት አስግጎ።

«ቀይ በርቷል! አንተ ተመለስ!» አለች ኖኤሚ። ድምፅዋ ግን ካጠለቀችው ትልቅ የስፖንጅ ጭንቅላት ውስጥ ታፍኖ ቀረ። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ሚኒባሱ ፊት ጨፈረችለት። ረዳቱ ሳቁ አመለጠው። ሹፌሩም እያጉረመረመ ወደ ኋላ አለና የእግረኛውን መስመር ለቀቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋ ይኼው ነው። የሜዳ አህያ ልብስ ለብሳ ፕራዶ ጎዳና ላይ ሰው ታሻግራለች። በላ ፓዝ ከተማ የሜዳ አህያ ለብሶ ሰው የሚያሻግር ሹፌርን አይሰድብም፤ ቢሰደብም ይጨፍራል እንጂ መልስ አይሰጥም። ልጆች ሮጠው ይጠመጠሙባታል፣ ሽማግሌዎች ይመርቋታል። ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኖኤሚም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ለክፍል ጓደኞቿ፣ በተለይ ለዳያና፣ ቅዳሜ ፈረንሳይኛ እማራለሁ ብላቸዋለች። ፈረንሳይኛ! «ቦንዡር» ከምትለዋ በቀር አንዲት ቃል አታውቅም። ግን ምን ታድርግ? አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዳያና «እነዚያ አህዮች እኮ ሌላ ሥራ ያጡ የደሃ ልጆች ናቸው፤ ሲያሳዝኑ!» ብላ ስትስቅ፣ ኖኤሚም አብራ ሳቀች። በማግስቱ «ቅዳሜ የት ነው የምትውይው?» ሲሏት አፏ ላይ የመጣላት ውሸት ፈረንሳይኛ ሆነ።

መብራቱ ለእግረኛ አረንጓዴ ሲሆን አንዲት ሴትዮ ከዳገቱ በኩል መጡ። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል፣ በብብታቸው ፔርሙዝ ይዘዋል። እንግዳ መሆናቸው ከሩቅ ያስታውቃል፤ የላ ፓዝ ሰው ዳገት ላይ እንዲህ አይጣደፍም። መስመሩ መሀል ሲደርሱ ቆሙ። ደረታቸውን ያዙ። ከዚያም ያለምንም ችኮላ፣ ሶፋ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

የመኪኖቹ ጥሩምባ ቀለጠ። ኖኤሚ ሮጣ ደረሰች። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ግሮቨር መጣ፤ እሱ የአህዮቹ ሁሉ አለቃ ነው። ሁለቱ ተጋግዘው ሴትዮዋን ዛፍ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

«የከተማው ከፍታ ነው የመታቸው፤ አየር አጥሯቸዋል። አንቺ አትለያቸው፣ እኔ መኪናውን ልያዝ» ብሎ ግሮቨር ወደ መስመሩ ተመለሰ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊት ለፊታቸው አንድ ትልቅ የሜዳ አህያ ጥርሱን አግጦ አፍጥጦባቸዋል።

«እመቤቴ ድረሽልኝ!» ብለው ጮኹ። «ሞቼ ነው? ደግሞ የሚቀበለኝ ፈረስ ነው?»

«አይዞዎት እማማ፣ ምንም አልሆኑም፤ ዝም ብለው በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» አለች ኖኤሚ። እሳቸው የሰሙት ግን እም፣ እምም የሚል ነገር ብቻ ነው። በባርኔጣቸው እየመቱ ገፏት፤ ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ልክ በዚያች ሰዓት ከበስተጀርባዋ የምታውቀው ሳቅ ተሰማ።

«ኧረ ኑ እዩ! አህያዋ ሐኪም ሆነች!» ዳያና ነበረች። ከሁለት የክፍል ልጆች ጋር ቆማ ስልኳን ደግና ትቀርፃለች። «አህይት! መርፌ ውጊያቸው እንጂ!»

ኖኤሚ በጭንቅላቱ አፍ በኩል አየቻት። ሁለት እርምጃ ብትራመድ ትደርስባታለች። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ። «አሁን ጭንቅላቱን ባወልቀው» ብላ አሰበች፣ «ሰኞ ክፍል ውስጥ ስሜ አህያ ነው። እስክመረቅ ድረስ አህያ ነው።» ግሮቨርን ልትጠራ ዞረች፤ እሱ ግን ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ ከአንድ አውቶቡስ ጋር ግብግብ ይዟል።

«እባካችሁ» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸው እየተንከራተተ። «ሰው ጥሩልኝ። ሰው!»

ኖኤሚ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ አወለቀችው።

ቀዝቃዛው አየር ፊቷን መታት። ጸጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከኋላዋ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ፤ ዞራ ግን አላየችም። ተንበርክካ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

«እማማ፣ ሰው ነኝ። ኖኤሚ እባላለሁ። እኔን እያዩ ይተንፍሱ። ቀስ ብለው… እንደሱ… ጎበዝ!»

ሴትዮዋ አዩዋት። ዓይናቸው ተረጋጋ። ትንፋሻቸውም ከእሷ ጋር እየገባ፣ ከእሷ ጋር እየወጣ ቀስ በቀስ ረዘመ። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ሻጭ ሳትጠራ ከፍታ ለመታው ሰው የሚሰጠውን የኮካ ቅጠል ሻይ ይዛ ደረሰች።

«ዛሬ ነው የገቡት? ምን በልተዋል?» አለቻቸው ሻይ ሻጯ።

«ጠዋት ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት። ያን ሾርባ የሞላበትን ዳቦ… ሳልቴኛ ነው የምትሉት? ጣፍጦኝ ደገምኩ። ኧረ ሠለስኩም!»

«ይበልዎት እንግዲህ!» ሻይ ሻጯ ሳቀች። «እኛ አገር የመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ጥቂት ይበላል፣ ብቻውን ይተኛል። ሲባል አልሰሙም?»

«ብቻዬን መተኛቱንስ ለምጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ከሞተ ቆየ» አሉና ሻዩን ፉት አሉ። ቀለማቸው ተመለሰ፤ ወሬያቸውም አብሮ ተመለሰ። ኤርሜሊንዳ ይባላሉ፣ የመጡት ከፓራጓይ፣ ከአሱንሲዮን ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሙሽራ ቬሎ ስሰፋ ኖሬ፣ እኔ አንድ ቀን ሽርሽር ሄጄ አላውቅም። ጡረታ ስወጣ በዚች ጡረታዬ የትኛው ከተማ ያስተናግደኛል ብዬ ጠየቅሁ። ላ ፓዝ አሉኝ፤ አልጋው ርካሽ፣ ምግቡ ርካሽ። አየሩ እንዲህ ውድ መሆኑን ግን የነገረኝ የለም!»

ኖኤሚ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች። እማማ ኤርሜሊንዳ ግን አልሳቁም፤ በሕንፃዎቹ መሀል አሻግረው እያዩ ነበር።

«ያ ነጩ ምንድነው ልጄ? ደመና ነው?»

«ኢሊማኒ ነው እማማ። ተራራ ነው።»

«ነጩስ?»

«በረዶ ነዋ።»

«በረዶ» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኛ አገር የለም። በዓይኔ አየሁት ማለት ነው። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ሳላየው ነበር የምሄደው።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ላብ ያጠመቀውን ፊቷን ያዙት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኖኤሚ። ክፉ አይንካሽ።»

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስንት ሰው አቅፏታል፣ ስንት ሰው አመስግኗታል። የሚያመሰግኑት ግን የሜዳ አህያውን ነበር። በስሟ ጠርቶ፣ ፊቷን አይቶ ያመሰገናት ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ደስታው ድንገት መጣባትና በአህያ ጓንቷ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ኖኤሚ?» ዳያና አጠገቧ ቆማለች። ስልኩ እጇ ላይ ተንጠልጥሏል። «አንቺ… ፈረንሳይኛውስ?»

«ፈረንሳይኛ የሚባል ነገር የለም። ዋሽቼሽ ነው።»

«ጓደኛሽ ናት?» አሉ እማማ ኤርሜሊንዳ ፊታቸው በርቶ። ወደ ዳያና ዞሩ። «ታድለሽ! እንዲህ ያለች ጓደኛ ከየት ይገኛል!»

ዳያና እስከ ጆሮዋ ቀላች። ኖኤሚን እጇን ይዛ ትንሽ ገለል አደረገቻት።

«ስሚ፣ አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም፤ እናቴ ትሙት!» አለች በሹክሹክታ። «ቪዲዮውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። እነዚህንም ዝም አሰኛቸዋለሁ። ሰኞ ማንም አያውቅም። ፈረንሳይኛሽን ትቀጥያለሽ።»

የዳያና አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆሟል። ኖኤሚ ጣቷን አየች። ቀላል ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ከወዲያ ማዶ ግሮቨር አፏጨ፤ መስመሩ ዳር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«አታጥፊው» አለች ኖኤሚ።

«ምን?»

«ለክፍሉ ግሩፕ ላኪው። ጭንቅላቱን የማወልቅበትን ቦታ ግን እንዳትቆርጪው።»

ጭንቅላቱን ከመሬት አንስታ በብብቷ ያዘችና፣ ሳታጠልቀው፣ ልጆቹን ልታሻግር ወደ መስመሩ ሄደች።