ዓይነት፦ ፍየል

ዶክተር ስንዱ ይመር ሻይዋን ሳትጨርስ ጣተ ብዙው የአንዲት በቅሎን የተሰበረ መንጋጋ ገጥሞ፣ ሰፍቶና ደሙን አጥቦ ጨረሰ። ጣተ ብዙ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ያሉት የቀዶ ሕክምና ማሽን ነው። በሆስፒታሉ ሁለት አሉ፤ ከኮሪደሩ በስተግራ ያለው ለሰው፣ በስተቀኝ ያለው ለእንስሳ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ምላጭ፣ ያው ዓይን። የሚለያቸው ደንብ ብቻ ነው። የግራው አንድ ክንድ ከማንሣቱ በፊት የወላጅ የዜግነት ቁጥር ይጠይቃል። የቀኙ ግን ዓይነት፣ ፆታና ክብደት ከተጻፈለት ይበቃዋል።

ሳያንኳኳ የገባው ወጣት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ስንዱ አወቀችው። ከተፈናቃዮች ሰፈር የሚመጣው ሰዒድ ነው። ባለፈው ወር ፊንጢጣው ድፍን ሆኖ የተወለደ የፍየል ግልገል አምጥቶ በሩብ ሰዓት ታክሞለታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ያንኑ ሕመም ነው፣ ዶክተር።»

ነጠላውን ገለጠው። የሦስት ቀን ወንድ ልጅ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ከንፈሩ ጥግ አረንጓዴ ትውከት ደርቋል።

«ተሳስተሃል፤ የሰው በወዲያ በኩል ነው።»

«ከንጋት ጀምሬ እዚያው ነበርኩ። ቁጥር አምጣ ይለኛል። ቁጥር ካመለከትኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

ስንዱ ኮሪደሩን ተሻግራ የሰዎቹን ሐኪም ዶክተር አማኑን ወንበሩ ላይ አገኘችው።

«ይህ ልጅ ነገን አያይም።»

«አውቃለሁ። አስቸኳይ ጥያቄ ልኬያለሁ፤ በዘጠኝ ቀን ይመልሳሉ።»

«በዘጠኝ ቀን? ቁጥሩን መቃብሩ ላይ ልትለጥፍለት ነው?»

«እኔ ላይ አትጩኺ፣ ስንዱ። ማሽኑ አልነሣም ካለ በምን እጄ ልቅደደው?»

በዚያ አገር የሰው እጅ ሥጋ ቀዶ መስፋት ከተወ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ማለት ነጭ ጋዋን የለበሰ የማሽን ዘበኛ ነው። እሷም ከዚያ አትዘልም።

ስትመለስ ሰዒድ ከእንስሳቱ ማሽን አጠገብ ቆሟል።

«ፍየል ነው ብለው ይጻፉት» አለ።

«ምኑን?»

«ልጄን። ለፍየሌ ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም።»

ስንዱ ንዴቷን የምታራግፍበት ሰው ፈለገች፤ ከፊቷ ያለው ግን ሕፃን የታቀፈ ምስኪን ብቻ ነው። ጻፈች። ዓይነት፦ ፍየል። ፆታ፦ ወንድ። ክብደት፦ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ማሽኑ ዓይን አለው፤ ነገር ግን ያየውን ትቶ የተጻፈለትን ያምናል። ይህን ጠባይ ከማን እንደ ወረሰ መጠየቅ አያሻም።

ሕፃኑ ተኛ። መስተዋቱ ተዘጋ። ክንዶቹ ሆዱን ከፍተው የተደፈነውን አንጀት ወደ ቦታው ይስቡ ጀመር። ሰዒድ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ «አልሐምዱሊላህ» ሲል፣ በሰሌዳው ላይ ቢጫ ጽሑፍ በራ።

ጉድለቱ የዘር ነው። ወንድ። እንዳይራባ ይኮላሻል።

ስንዱ ይህን ደንብ ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ ታየዋለች። ነገር ግን ቅር ያለው ባለፍየል ገጥሟት አያውቅም። እንዲያውም ሙክት ሆነልኝ ብሎ መርቋት ስለሚሄድ፣ ነገሩ እንደ ጥፍር መቁረጥ ሆኖባት ከነጭራሹ ረስታዋለች። ማቆሚያውን ተጫነች። ሰሌዳው ሌላ ጽሑፍ አወጣ።

በዘር ጉድለት የባለቤት ፈቃድ አይጠየቅም። ሥራው የሚቆመው ታካሚው ሰው ከሆነ ብቻ ነው። ሰው ነው?

«አዎ» ካለች አሥራ ሁለቱም ክንዶች ቁጥር እስኪመጣ ድረስ ባሉበት ይደርቃሉ። ሆዱ ደግሞ ክፍት ነው። ለመልስ የተሰጣት ሰማንያ ሰከንድ ነው።

«ሰዒድ፣ ስማኝ። ልጁ ይድናል። ግን ይኮላሸዋል፤ እንደ ፍየልህ።»

«ያስቁሙት።»

«ካስቆምኩት ሆዱን የሚሰፋለት የለም።»

«እርስዎስ?»

«መርፌ ይዤ አላውቅም።»

«ሐኪም አይደለሽም እንዴ?» አንቱታው ቀረ።

ስንዱ ሰሌዳው ላይ የሚቀንሱትን ሰከንዶች አየች።

«እኔ ጆንያ እሰፋለሁ። ድንኳን እሰፋለሁ። መስተዋቱን ክፈቺልኝ።»

«አንጀት ነው፣ ሰዒድ።»

ሠላሳ ሰከንድ ቀረ። ሰዒድ የገዛ እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«እናቱን ምን እላታለሁ?»

ስንዱ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ይኑር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስንዱ «ሰው ነው?» ለሚለው ጥያቄ «አይደለም» የሚለውን ነካች።

በዘጠነኛው ቀን ቁጥሩ መጣ። ሰዒድ ጠግቦ የተኛውን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ወደ ስንዱ ይዞ ሄደ። አነበበችለት። ቁጥሩ የተዘጋጀው ባመለከተበት ዕለት፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ሁለት ዓመት የት ከርሞ ነው?»

«ማኅተም ሲጠብቅ። ማኅተሙን የሚመታው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለማሽን አይተውም ተብሎ።»

«የሰው እጅ የቀረው እዚያ ነው ይበሉኛ» አለ ሰዒድ። አንቱታው ተመልሷል። «ከሥር ሌላም ጽሑፍ አለ።»

«ምንም አይደለም።»

«ያንብቡልኝ።»

«ይህ ቁጥር ለባለቤቱ፣ ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ያገለግላል» ብላ አነበበች።

ሰዒድ ወረቀቱን ተቀበላትና፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ ተመለከተው።