የጸሐፊው ወንበር

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የፕሮፌሰር የውብዳር ከልካይ ተማሪዎች ተራ በተራ ወደ አንድ የአውሮፓ ማዘጋጃ ቤት ሄደው፣ ሙሉ የሥራ ቀን ውለው፣ ለምሳ ይመለሱ ነበር። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 የዋለ አንድ ማክሰኞ ነው። የሚወስዳቸው መሣሪያ «ዳግም ቀን» ይባላል፤ ከደብዳቤ፣ ከመዝገብና ከፎቶግራፍ የአንድን ሰው ውሎ ገጣጥሞ፣ የመሣሪያው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ያን ቀን ራሱ እንዲኖር ያደርጋል። የቀኑ ሥራ በአርባ ደቂቃ ያልቃል። በሻላ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ አውሮፓ ታሪክና ፖለቲካ ሴሚናር ያለዚህ ወንበር አይታሰብም።

የሚኖሩት የአንድን ጸሐፊ ቀን ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የጠላት ጦር ይዟታል። ጸሐፊው ጠዋት ምድጃ ያነዳል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ይጽፋል፣ ጥርሱን ያመዋል። እኩለ ቀን ገደማ አንድ መኮንን ይመጣና የከተማዋን አይሁዳውያን ስምና አድራሻ ከነዋሪዎች መዝገብ አውጥቶ እስከ ማታ እንዲያስረክብ ያዘዋል። ሠላሳ አራት ቤተሰብ ናቸው። ጸሐፊው ሁሉንም ያውቃቸዋል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ፊደል እየሳተ፣ ሁሉም ዝርዝሩን ጽፎ አስረክቧል። ፕሮፌሰር የውብዳር ንግግር እንዲያደርጉ በየአገሩ የተጠሩት በዚህ ቁጥር ነው። «በዚያ ሰው አትፍረዱ፤ ማንም ቢሆን ይጽፈው ነበር» እያሉ ነበር ሴሚናሩን የሚዘጉት።

ሂክማ ኑርዬ የተቀመጠች ዕለት ግን መሣሪያው መሀል ላይ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«መዝገቡን ምድጃው ውስጥ ከተትኩት» አለች ሂክማ። ላብ አጥምቋታል። «ከዚያ ቁጭ ብዬ መምጣታቸውን ጠበቅኩ። ሳይመጡ ሁሉም ነገር ጨለመ።»

ፕሮፌሰሯ ወደ መሣሪያው ኃላፊ ወደ ኤርጫፎ ዞሩ። «ብልሽት ነው፤ መልሰህ አስነሣው።»

ሂክማ እንደገና ተቀመጠች። መሣሪያው እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ።

«ሂክማ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሯ ቆጣ ብለው። «ሰውየው ሚስትና ልጆች አሉት። ይፈራል። አንቺ የእሱን ቀን ትተሽ የራስሽን ድፍረት ነው ያመጣሽው።»

«ፈርቻለሁ እኮ፣ ፕሮፌሰር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «በጣም ነው የፈራሁት።»

ያን ጊዜ ይህ መልስ ምንም አልመሰላቸውም። «ተግባሯን አላጠናቀቀችም» ብለው ጻፉ። ሂክማ ሴሚናሩን አላለፈችም፤ በሚቀጥለው መንፈቅ ወደ ውሃ ምሕንድስና ተዛወረች።

ክረምት ላይ ኤርጫፎ መሣሪያውን ፈትቶ ሲያጸዳ ሰንብቶ፣ አንድ ወረቀት ይዞ ቢሯቸው ገባ። ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«ፕሮፌሰር፣ መሣሪያው ተበላሽቶ አልነበረም። የተቀመጠው ሰው ከሰነዶቹ ውጭ የሆነ ነገር ሲያደርግ፣ የሚከተለውን ስለማያውቅ ይቆማል። አሠራሩ እንዲያ ነው።»

«እሺ፣ እና?»

«በቆመ ቁጥር ደግሞ ራሱ ይመዘግባል። ከሂክማ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ቆሟል።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ተቀበሉ። አሥራ አንድ ስም ነበረበት። አንዷ መዝገቡን ካፖርቷ ሥር ሸሽጋ ወጥታለች። አንዱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ምሽቱን ጠብቋል። አንዱ በየቤቱ እየሮጠ በር አንኳኩቷል። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያው አንድ ዐረፍተ ነገር ተጽፏል፦ «በፕሮፌሰሯ ትእዛዝ እንደገና ተነሣ።» ሁለተኛ ሲቀመጡ አሥራ አንዱም ጽፈዋል።

አንዳቸውንም ምን አደረግህ፣ ምን አደረግሽ ብለው ጠይቀው እንደማያውቁ ትዝ አላቸው። «ብልሽት ነው፤ አሁን በደንብ ተቀመጥ» ነበር የሚሉት። ልጆቹም አምነዋቸዋል።

መጀመሪያ ለሂክማ ደወሉ። ልጅቷ በጨዋነት አዳመጠቻቸው። ወደ ሴሚናሩ ትመለስ እንደሆነ ሲጠይቋት «ይቅርብኝ፣ ፕሮፌሰር። ክረምቱን ለልምምድ ግድብ ላይ ነው የምሠራው፤ ደኅና ነኝ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር።

ቀጥለው የደወሉት ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት በር ሲያንኳኳ ለነበረው ለይርዳው አሰጌ ነው። ይርዳው ዛሬ አንድ ሐይቅ እየሞላ የሚያሰጋቸውን የዳር ነዋሪዎች የሚያስነሣው ቢሮ ኃላፊ ሆኗል። ድምፃቸውን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ፤ ለመናገርም ፋታ አልሰጣቸውም።

«ያን ወንበር ረስቼው አላውቅም፣ ፕሮፌሰር። መጀመሪያ ሞኝ ሆኜ ሰፈር ለሰፈር ስሮጥ እርስዎ መለሱኝ። በሁለተኛው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስጨርስ እንዴት እንደቀለለኝ አልነግርዎትም። እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈዋል። ሥራ የተማርኩት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አድሮ አያውቅም።»

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው፣ ይርዳው?»

«ከሐይቁ ዳር የሚነሡት ሰዎች ስም ነዋ። የት ይግቡ የሚለው የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው። እኔ ፈርሜ አሳልፋለሁ።» ቀጥሎም «በሰላም ነው ግን የደወሉት?» አላቸው።

ፕሮፌሰሯ «በሰላም ነው» አሉ። ይቅርታ ሊጠይቁት ነበር የደወሉት። ይቅርታቸውን የሚቀበለው ልጅ ግን ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ በር እያንኳኳ ሳለ ጨልሞበት እዚያው ቀርቷል።