ከቱም በላይ ጉም ነበር

ጫማዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የባለቤታቸውን የብሩክን አስከሬን የአካባቢው ሰዎች ትናንት ከገደሉ ሥር አውጥተው በቃሬዛ ወደ ቱም ጤና ጣቢያ ወስደውታል። እዚህ የቀረው ጫማው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ረቢያ ከሚዛን አማን ተጠርታ ስትደርስ ጠዋት ነበር። ከመኪናው መንገድ ወርዳ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርሰውን እርጥብ ሣር አቋርጣ አፋፉ ላይ ቆመች። ከኋላዋ፣ ከመንገዱ በላይ፣ ደኑ ይጀምራል። ከፊቷ ምንም የለም። ጉም ብቻ።

«ዝንጀሮ እንዳይወስዳቸው ስንጠብቅ ነው ያደርነው» አላት የቱሙ ፖሊስ ሳጅን ዳንኤል፣ ወደ ጫማዎቹ እያመለከተ። «እነሱ የሚያድሩትም የሚውሉትም እዚህ ገደል ግድግዳ ላይ ነው። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጫማውን አወለቀ፣ ዘለለ። ልጁ ከሞተችበት ወዲህ ሰው አልነበረም ይላሉ።»

ረቢያ ጓንት አጥልቃ የቀኙን ጫማ አነሳችና እጇን እስከ ጫፉ ድረስ አስገባች። ጣቷ የነካውን ጎትታ አወጣችው። የተጨማደደ ደረቅ የሙዝ ቅጠል ነበር። ከግራው ጫማ ውስጥም እንዲሁ አወጣች።

«ሳጅን፣ ሟቹ እግሩ ላይ ምን ነበር?»

«አንድ ነጠላ ጫማ። የፕላስቲክ። ሌላኛው ከድንጋይ ሥር ተገኘ።»

«ታዲያ አወለቀ ያልከው ጫማ የትኛው ነው?»

ሳጅን ዳንኤል ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን እንደገና አያቸው።

«ለጊዜው ለማንም አትናገር» አለችው።

ቤተሰቡ ያረፈው ቱም ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የብሩክ እናት ወይዘሮ ማናልሞሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ አለ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ፣ ረቢያ ገና ሳትቀመጥ። ድምፃቸው ውስጥ እንባ አልነበረም። ምንም ነገር አልነበረም። «ሚዛን ላሉት ንስሐ አባቴ ደውዬ ነበር። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም አሉኝ። ፖሊስ የሚለውን ሰምተሽ ደውይልኝ አሉኝ። ብሩክዬ እንዲሁ አፈር ሊገባ ነው?»

«እስከ ከሰዓት ይታገሡኝ፣ እማማ። እስኪ ጉዞውን ይንገሩኝ።»

«ጉዞውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የልጅ ልጄ ሳባ በኅዳር በትኩሳት ሞተችብን። ብሩክ ከዚያ ወዲህ አልተናገረም ማለት ይቻላል። ሲያጎርሱት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። አገር ቢያይ፣ አውሬ ቢያይ ይሻለዋል ብዬ ታላቅ ወንድሙን ፍሬአብን ለመንኩት። እሱም መኪናውንና ሹፌሩን ይዞ መጣልኝ። ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ሄደን ዝሆን አየን። ከዚያ በዚህ በኩል አድርገን ኦሞ ፓርክ ወረድን።»

«ብሩክስ አየ?»

«እንጃ። አንድ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር ‹ብሩኬ፣ አየኸው?› እለዋለሁ። ‹አየሁ፣ እማዬ› ይለኛል። ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነው።»

«ትናንትስ?»

«ስንመለስ እዚያ ገደሉ አጠገብ ጎማ ተነፈሰ። ወዲያው ጉሙ ወረደ። ፍሬአብ ካሜራውን ይዞ ወጣ። ቆይቶ ብሩክ እግሬን ላፍታታ ብሎ ወረደ። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ዳቦ ስቆርስ ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ ከእጄ ነጠቀኝ።»

«የብሩክ ጫማ የት ነበር?»

«የመኪናው ኮፈን ላይ። ፓርኩ ውስጥ ወንዝ ሲሻገር ረጥቦ ሜሮን በሞተሩ ሙቀት እንዲደርቅ አስቀመጠችው።»

«ኮፈኑ እርስዎ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት ነው። ማን እንዳነሳው አላዩም?»

ወይዘሮ ማናልሞሽ የቀዘቀዘውን ሻይ ቀመሱ።

«ጉም ነበር» አሉ።

የብሩክ ሚስት ሜሮን በረንዳ ላይ ቆማ የሚያልፉትን ሰዎች ታያለች፤ የምታያቸው ግን አይመስልም።

«ቅጠሉን ጫማው ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። እርጥበት ይስባል።»

«ጉሙ ሲወርድ የት ነበርሽ?»

«ከኋላ ወንበር ተጋድሜ ነበር። ድንገት ዝንጀሮዎቹ እየጮሁ ከገደሉ ወጡ። ምን እንዳስደነገጣቸው እንጃ። መኪናው ላይ ዘለሉ፣ ጣሪያው ላይ ሮጡ። አንዱ የማዘርን ዳቦ ወሰደ፣ ሌላው ኮፈኑ ላይ ያለውን ጫማ ጣለው። ሰማን ‹አንተ ሌባ› እያለ ጎማ መፍቻውን ወረወረባቸውና ጫማውን አንስቶ መለሰው። እኔ መስኮት ዘጋሁ።»

«ወዴት ሄዱ?»

«መንገዱን ተሻግረው ወደ ላይ። ዛፎቹ ውስጥ ገቡ።» ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ልጄ ብትኖር በሳቅ ትፈርስ ነበር።»

ሹፌሩ ሰማን የጅማ ሰው ነው። በባዶ እግሩ ግቢው ውስጥ ቆሞ መኪናውን ያጥባል። መኪናው ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ማጠቡን አላቆመም።

«ጫማህስ?» አለችው ረቢያ።

«ብሩክ ተዋሰኝ። ‹አንተ የዝሆን እግር ነው ያለህ፣ ትበጥሰዋለህ› አልኩት። ፈገግ ብሎ ‹እመልስልሃለሁ› አለኝ። አሁን ማንን ልጠይቅ?» ጨርቁን ጨመቀ። «እህቴ፣ ነገሩ በእኔ ላይ ሊመጣ ነው አይደል? ሁሌም ሹፌር ነው የሚታሰረው። ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች። ወላሂ እኔ ከጎማው አልተነሳሁም።»

«ፓርኩ ውስጥ ከብሩክ ጋር ምን አወራችሁ?»

«ምንም። ጭቃው ውስጥ ስንገባ ‹መኪናው እንዳይበላሽብን› አለኝ። ‹ይቺ? በእኔ እጅ አንድ ቀን ቆማ አታውቅም› አልኩት። ‹በኅዳርስ?› አለኝ። ‹በኅዳርማ ከሸኮ ወደ ቴፒ ቀይ ቡና ስናመላልስ መቼ ቆመን› አልኩት። ከዚያ በኋላ ጎሽ ሳሳየው ቀና ብሎም አላየ።»

ረቢያ ለጥቂት ጊዜ ባዶ እግሩን ተመለከተች።

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ምኑን?» አለ ሰማን። ምን እንደተናገረ አላወቀም ነበር።

ፍሬአብ የሚዛን ቡና ነጋዴ ነው። ረቢያን ሲያያት ከመቀመጫው ተነሳና ካሜራውን ከፍቶ አሳያት። ነጭና ጥቁር ጉሬዛ፣ ጅራቱ እንደ ነጠላ ጥለት ተንጠልጥሎ ከቅርንጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ጉሙ ከመውረዱ በፊት ያነሳሁት ነው። ከመንገዱ በላይ፣ ደኑ ጫፍ ላይ። እስኪገልጥ እዚያው ቆየሁ።»

«ዝንጀሮዎቹንስ አነሳሃቸው?»

«ዝንጀሮ አላየሁም። ጸጥ ያለ ነበር፤ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፖሊስ አውሬ ይቆጥራል እንዴ? ቱሪስት መሰልሽኝ።»

«እኔ ፓርክ ገብቼ አላውቅም። ያላየሁትን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ወንድሜ ደክሞት ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሁላችንም እናውቃለን። እማዬን አታስጨንቂብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በማረፊያው የምግብ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሜሮን ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። ፍሬአብ መስኮቱ አጠገብ ሆነ። ሰማን ቁጭ በል ቢባልም በሩ ጥግ ቆመ። ረቢያ ጫማዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቅጠሎቹንም ከጎናቸው።

«እማማ፣ ጠዋት የጠየቁኝን አሁን እመልስልዎታለሁ። ብሩክ ራሱን አላጠፋም።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ አልተንቀሳቀሱም።

«ይህ ቅጠል ጫማው ውስጥ እንደተጠቀጠቀ ነበር። እግር የገባበት ጫማ ውስጥ ቅጠል አይቀመጥም። ብሩክ ወደ ገደሉ የሄደው በሰማን ነጠላ ጫማ ነው፤ የወደቀውም በእሱ ነው። ስለዚህ እነዚህን ጫማዎች አፋፉ ላይ ያስቀመጣቸው ሌላ ሰው ነው። ራሱን የጣለ እንዲመስል።»

«እሱ ነዋ!» አለ ፍሬአብ ወደ ሰማን እየጠቆመ። «ኮፈኑ አጠገብ የነበረው እሱ ነው። ጫማውንም ሲነካ አይተውታል!»

ሰማን አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ጀርባው በሩን ነካ።

«ሰማን ነጠላ ጫማውን ለብሩክ ያዋሰው ራሱ ነው» አለች ረቢያ ሳትቸኩል። «የብሩክ እግር ላይ ሌላ ጫማ እንዳለ እያወቀ ይህን አይወስድም። ሜሮንም ቅጠሉን የከተተችው እሷ ናት፤ ብትወስደው ኖሮ ታወጣው ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ብሩክ ምን ተጫምቶ እንደወረደ አላየም። ሣሩ እስከ ጉልበት ነው፣ ጉም ነበር፣ እግሩ አይታይም። ጫማውን ኮፈኑ ላይ አይቶ ባዶ እግሩን የመጣ መሰለው። አንተ ደግሞ ከብሩክ ቀድመህ ነው ከመኪናው የወጣኸው፣ ፍሬአብ።»

«ይህ ግምት ነው።»

«ይሁን። አሁን ወደ ዝንጀሮዎቹ እንሂድ። የሚውሉት ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው። ትናንት ድንገት እየጮሁ ሽቅብ ወጡ፤ ምክንያቱም በመካከላቸው ሰው ወደቀ። በዚያች ሰዓት ሰማን ጎማው ጋ ነበር፣ ሜሮን መስኮት ትዘጋለች፣ እማማ ዳቦ ተነጥቀዋል። ሦስቱም ይተያያሉ። ጫማውም ገና ኮፈኑ ላይ ነበር፤ ሰማን ከመሬት አንስቶ የመለሰው ያኔ ነው። የተወሰደው ብሩክ ከወደቀ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ተመልሶ ጫማ አይወስድም።»

ፍሬአብ ካሜራውን አጥብቆ ያዘ።

«ያ ሁሉ መንጋ መንገዱን ተሻግሮ የገባው ከመንገዱ በላይ ባሉት ዛፎች ውስጥ ነው። አንተ ቆሜበት ነበር ባልከው ቦታ። አንተ ግን ጸጥ ያለ ነበር አልከኝ። እዚያ አልነበርክም።»

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ? በምን ምክንያት?»

«ሰማን፣ በኅዳር መኪናው ተበላሽቶ ነበር?»

«አንድ ቀንም» አለ ሰማን ቀስ ብሎ። «ስንቴ ልንገርሽ?»

የሜሮን ራስ ቀና አለ።

«መኪናው ቆሟል አልከን» አለች ለፍሬአብ። «ከሸኮ ደወልንልህ። ሳባ በትኩሳት ስትቃጠል ደወልንልህ። ቆሟል፣ ሌላ ፈልጉ አልከን። ሞተር ብስክሌት እስኪገኝ ነጋ።»

«ትኩሳት ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ ፍሬአብ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። «ቀይ ቡናው ተጭኗል። በዕለቱ ማጠቢያ ካልደረሰ ይበላሻል። ማስታገሻ ሰጥታችኋት ያድራል ብዬ… ያድራል ብዬ ነው።»

«ደረሰ?» አለች ሜሮን።

«ምኑ?»

«ቡናው። ሳይበላሽ ደረሰ?»

ውጭ አንድ ሰው ፍየል እየነዳ አለፈ።

«ልገድለው አልነበረም» አለ ፍሬአብ መጨረሻ ላይ። «ጉሙ ውስጥ ተከትሎኝ መጣ። ያን ሁሉ ወር አልተናገረም፤ ያኔ ተናገረ። ‹ለእማዬ አንተ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ገደሉ ያን ያህል ቅርብ መሆኑን አላየሁም። ከዚያ… ራሱን ያጠፋ ቢመስል ይሻላል ብዬ አሰብኩ። እማዬ ሁለታችንንም እንዳታጣ።»

«እጅህን አይቼው ነበር» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«በጉሙ ውስጥ እጅ ብቻ ነው የመጣው። ከኮፈኑ ላይ ጫማውን አንስቶ ተመለሰ። ሕፃን ሆነህ ያጠብኩት እጅ ነው፤ አይጠፋኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች ረቢያ።

«ሳስብ አደርኩ፣ ልጄ። ዝም ብል አንዱ ይተርፈኛል። ብናገር አንዱ በወጉ ይቀበርልኛል። ሲነጋም አልመረጥኩም ነበር። አንቺ ነሽ የመረጥሽልኝ።»

ሳጅን ዳንኤል የፍሬአብን ክንድ ያዘ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ከወንበሩ ላይ ሹራቡን አንስተው ሰጡት።

«ልበሰው። መንገዱ ላይ ይበርዳል።»

ፍሬአብ ሹራቡን ያዘው፤ አልለበሰውም። ሲወጣ ሰማን ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፈው።

ወይዘሮ ማናልሞሽ ስልካቸውን ለሜሮን አቀበሉ። ሜሮን ንስሐ አባታቸው ጋ ደውላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«አባ፣ ማናልሞሽ ነኝ። ልጄ ራሱን አልገደለም። ፖሊስ አጠገቤ አለች፣ ትነግርዎታለች። ፍትሐቱን ይጀምሩልኝ።»

የቄሱ ድምፅ ከስልኩ በስሱ ይሰማ ነበር። የክርስትና ስሙን ጠየቁ።

«ኃይለ ማርያም» አሉ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ቆዩ። መስኮቱ ላይ ጉም ተለጥፏል፤ ግቢው ውስጥ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አባ፣ የታላቁንም ስም በጸሎት ይያዙልኝ። ወልደ ገብርኤል።»

ቄሱ አንድ ነገር ጠየቁ።

«አይ» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ። «እሱስ አለ።»