ያልጠቆረ አውራ ጣት

የጋዜጣው ባለቤት ከሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ወድቆ፣ ጓሮ በተደረደሩት የወረቀት ጥቅልሎች መካከል በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ሲወድቅ የሰማው የለም። እንዴት ይሰማል? ምድር ቤት ያለው ማተሚያ የሳምንቱን ጋዜጣ ማውጣት ከጀመረ እንኳን የሰው ውድቀት የመኪና ግጭትም አይሰማም። ያገኘው ሲጋራ ሊያጨስ ብቅ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ሲጋራውን ሳይለኩስ ጥሎ ሮጠ።

መርማሪዋ የደረሰችው ፀሐይዋ ገና ከግቢው ሳትወጣ ነበር። ረዳቷ ቀድሟት ነገሩን ጨርሶታል።

«ራሱን ነው የጣለው፣ ኢንስፔክተር። ጋዜጣው ሊዘጋ ነበር አሉ። ዕድሜ ልኩን የለፋበት ነገር ሲሞት አላስቻለውም።»

«አሉ ነው ወይስ አረጋገጥክ?»

«አሉ ነው።»

«እንግዲያው ያሉትን ሰዎች ሰብስብልኝ» አለችና ከሟቹ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማትም። እናቷን ከቀበረች ወዲህ ልቧ የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ሆኖባታል፤ ይነኩታል፣ አይሰማውም። ሥራዋን ግን አልበደለችም፤ እንዲያውም ዓይኗ ከበፊቱ የተሻለ ያያል። የሟቹን እጆች አገላብጣ አየች። ትልልቅ ናቸው፤ ጥፍሮቹ ተቆርጠዋል፤ መዳፎቹም ጣቶቹም ንጹሕ ናቸው።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። የበረንዳው በር ተከፍቷል፤ የበረንዳው አጥር ከወገብ በታች የሆነ የድሮ ብረት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዛሬ የታተመው ጋዜጣ የፖለቲካ ትንታኔው ገጽ ላይ ተገልጦ ተዘርግቷል። መነጽሩ ተጣጥፎ ከላዩ ተቀምጧል። ሰውየው የመጨረሻውን ጋዜጣውን አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ተነስቶ ሄደ የሚያሰኝ ነገር ነው። በጣም ያምራል። መርማሪዋ የሚያምር ነገር አትወድም።

ከትንታኔው ግርጌ በመስመር የታጠረች አጭር ማስታወቂያ አለች። ሁለት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ ጋዜጣውን በጓንት አጥፋ ከረጢት ውስጥ ስትከት የነጩ ጓንት ጣቶች ጠቆሩ። እነሱንም ትክ ብላ አየቻቸው።

«ከግቢው አንድ ጋዜጣ እንዳይወጣ» አለች ረዳቷን። «ማንም ገልጦ እንዳያይ። ጥቅሎቹ ላይ ጠባቂ አቁም።»

መጀመሪያ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ መጣ፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም ከፍ አድርጎ የሚያወራ፣ ጆሮው የከበደ ሰው ነው።

«ከምሳ በኋላ አለቃችን ራሳቸው ወርደው፣ የትንታኔውን የመጨረሻ አንቀጽ አስወጥተው በቦታው ያቺን ማስታወቂያ አስገቡ። "ሲወጣ ያዩታል፣ ለማንም እንዳትተነፍስ" አሉኝ። አልተነፈስኩም።»

«የመጀመሪያዋን ቅጂስ?»

«እንደ ልማዳችን በበሩ ሥር አሾለኩላቸው። ሲያነቡ ሰው እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ከውስጥ ሳብ አድርገው ወሰዷት፣ እኔም ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ከማሽኑ አልተለየሁም፤ ልጆቹን ጠይቂያቸው።»

«ሳብ ያደረጋትን እጅ አይተሃል?»

«በሩ ዝግ ነው እኮ፣ እህቴ! የማን እጅ ሊሆን ነው?»

ቀጥሎ ዋና አዘጋጁ። ሸምገል ያለ፣ ክራቫቱን ከማሰር ተስፋ ቆርጦ ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው። ገጾቹን አዘጋጅቶ ጠዋት እንደላከ፣ ከዚያ በኋላ ስለተደረገ ለውጥ እንደማያውቅ፣ ከሰዓቱንም ሁለተኛ ፎቅ ጋዜጣውን በስልክ ከሚያወጡት የስልክ እትም ልጆች ጋር ስብሰባ ላይ እንደነበር ተናገረ። ልጆቹም አረጋገጡለት።

«ጋዜጣው ቢዘጋ ምን ይውጥዎታል?» አለችው።

«ምን ይውጠኛል፤ ጡረታ። ድሮ ጋዜጣ ሰዉ የማያውቀውን ይዞ ነበር የሚወጣው። ዛሬ እኛ አትመን ስናወጣው የሰፈሩ ሕፃን እንኳ ሰምቶታል። ሞቱን ስንጠብቅ የቆየን በሽተኛ ነው፤ አለቃዬ ይቀድመዋል ብዬ ግን አላሰብኩም» አለና ክራቫቱን አውጥቶ አየው፤ መልሶ ከተተው።

የሟቹ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ፣ የስልክ እትሙን ከምትመራበት ጠረጴዛ አልተነሳችም። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

«እንዴት?»

«ጠዋት ተጣላን። "ጋዜጣህ ሞቷል፣ የቀረህ መቅበር ብቻ ነው" አልኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» ዞራ መርማሪዋን አየቻት። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በኔ ቃል ነው የሞተው? ሌላውን አልፈልግም። እሱን ሳላውቅ ግን እንዴት ልኑር?»

ይህ ጥያቄ የማንንም አንጀት ይበላል። መርማሪዋም ሊበላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ አልበላትም። ከረጢቱ ውስጥ ያለችውን ማስታወቂያ አሰበች። አሁን ብታሳያት ወሬው በአንድ አፍታ ሕንፃውን ይዞራል፤ ያኔ ገጹን ቀድሞ ያየው ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ዋጥ አደረገችው።

«አባትሽ ጋዜጣ ሲያነብ እጁን ይታጠብ ነበር?»

«አባቴ?» ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «የመጀመሪያዋን ቅጂ ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ያሻታል፤ ቀለሙ ጥሩ ይሁን አይሁን በዚያ ነው የሚያውቀው። ልጅ ሳለሁ በዚያው ጣት አፍንጫዬን ቀብቶኝ ይስቃል። እስኪመሽ አይታጠብም። ደግሞ ላይ ፎቅ ቧንቧ የለም።»

«ዛሬ የትንታኔው ዓምድ ስልክ ላይ እንዴት ወጣ?»

«እንደመጣ፣ ሙሉውን፣ ጠዋት።»

በመጨረሻ ተንታኙ ገባ። ፊቱን የማያውቅ የለም፤ በየምሽቱ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ የነገውን የሚናገረው ሰው ነው። የሟቹ የወጣትነት ጓደኛ ስለሆነ ልጅቷ «አጎቴ» ትለዋለች። ሱፉ እንከን የለውም፤ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ብቻ ረጥቧል።

«ከጣቢያው በቀጥታ መምጣቴ ነው፤ ወሬውን ስሰማ እግሬ ተሳሰረ። ወዳጄ ነበር፣ ወንድሜ! ግን ልደብቅሽ አልችልም፣ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጋዜጣውን ጥሎታል። ይኸው ዛሬ እንኳ የጽሑፌን መደምደሚያ ቆርጠው ጣሉት! መደምደሚያ የሌለው ትንታኔ ምን ይባላል? ሰው ካልታከተው በቀር እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያሳልፋል?»

«እውነት ነው፤ ያሳዝናል» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ጋዜጣውን በምን ነው የሚያነቡት?»

«በስልኬ ነዋ። ወረቀት የሚያነብ ማን ቀረ?»

አመስግና ሸኘችው።

አመሻሹ ላይ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ቆሙ። መርማሪዋ የገበያ ዕቃ ዝርዝር በሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር የምትናገረው።

«ሁላችሁም ሟቹ ጋዜጣውን አንብቦ ራሱን ጣለ ትላላችሁ። ቅጂዋ ስትገባ ቀለሟ እርጥብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆይታ እንኳ የጓንቴን ጣቶች አጠቆረች። የሟቹ እጅ ግን ንጹሕ ነው። የመጀመሪያዋን ቅጂ በአውራ ጣቱ ሳያሽ የማይውል ሰው አውራ ጣቱ አልጠቆረም፤ ታጠበ እንዳንል፣ እዚህ ፎቅ ውሃ የለም። ይቺን ጋዜጣ ጭራሽ አልነካትም ማለት ነው።»

«ከውስጥ ሳቧት አልኩ እኮ!» ጮኸ የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ።

«ተስባለች፤ የሳባት ግን ሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ ሟቹ ጓሮ ወድቋል። ሳቢው መነጽሩን አምጥቶ ላይዋ አስቀመጠ፣ አንብቦ የሞተ እንዲመስል። ማንነቱን ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። ዛሬ ከትንታኔው አንድ አንቀጽ ወጥቷል። ስልክ ላይ ግን ሙሉው ነው ያለው። ዋና አዘጋጁ አልሰማም። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ያውቃል፣ ከማሽኑ ግን አልተለየም፤ ለማንምም አልተናገረም። ጥቅሎቹ ታስረው ግቢ አሉ። አንቀጹ መቆረጡን ሊያውቅ የሚችለው እዚህ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይቺን ቅጂ ያየ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ተንታኙ ዞረች። «እርስዎ ግን ሳልጠይቅዎት ነገሩኝ።»

ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ጓደኛዎ ጓሮ ወድቆ፣ እርስዎ ጽሑፌ እንዴት ወጣ ብለው ገልጠው አነበቡ። በዚያው ገጽ ተገልጦ ቀረ። ነጩ ጠርዝ ላይ በቀለም የታተመ ጣት አለ። እጅዎን ታች ወርደው ሲታጠቡ እጅጌዎን አረጠቡት። ጣትዎን እናመሳክር?»

ተንታኙ ልብሱን አስተካከለ። ያ በየምሽቱ የሚንቆረቆረው ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

«በጓሮ ደረጃ ነው የወጣሁት። ዓምዴ ይቀጥል ልለው። ልጁ የላከችለትን ቁጥር አሳየኝ፤ ስልክ ላይ ስንት ሰው እንዳነበበኝ። አሥራ አንድ።» ዙሪያውን አየ። «አገር የሚያውቀኝን ሰው፣ አሥራ አንድ! ሳቀ። "ከነሱም አንዱ አንተው ሳትሆን አትቀርም" አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው እኮ!»

«እውነት ነበረ?» አለ ዋና አዘጋጁ ቀስ ብሎ። «አንዱ አንተ ነበርክ?»

ተንታኙ የእጅጌውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ረዳቷ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ልጅቷ ከወንበሩ አልተነቃነቀችም። «አጎቴ ነበር እኮ» አለች።

መርማሪዋ ከረጢቱን ከፍታ ጋዜጣውን ፊቷ አስቀመጠች፤ በጣቷ ግርጌውን አሳየቻት።

«ቀድሜ ላሳይሽ አልቻልኩም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተቆረጠው አንቀጽ ቦታ የገባው ይሄ ነው። ተንታኙ የራሱን አንቀጽ ሲፈልግ ይሄን ሳያነበው አልፏል።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነበበች፦

«ልጄ ጋዜጣህ ሞቷል አለችኝ። ተቆጣሁ። ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነቷን ነው። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ኃላፊዋ እሷ ናት፤ ወረቀቱን ብትዘጋውም አልቀየማትም። እኔ እቤቴ ሆኜ በስልክ አነባለሁ። አከፋፈቱን እሷ ታሳየኛለች።»

አንዴ አነበበችው። ደገመችው። መስመሩን የያዘው አውራ ጣቷ ጠቁሯል።

«እና መቼ ላሳየው?» አለች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።