ርካሿ ካሜራ

አናጺ አባቷን በገዛ መዶሻቸው ጭንቅላታቸውን ተመትተው፣ ከአልጋቸው ሥር ሞተው ያገኘቻቸው ልጅየዋ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በግቢው ግድግዳ ላይ አንገቷን የምታዞረውን ካሜራ ባየች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል። «ምነው ውዱን በገዛሁት ኖሮ!» ትላለች። የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለች የምትቀርጽ፣ ኪስ የማትጎዳ ተብላ በቅርቡ የተገዛች ዕቃ ናት። ምን ዋጋ አለው! ገዳዩን አላሳየቻትም።

ያሳየችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምድር ቤት የምትኖረውን ተከራይ፣ ልብስ ሰፊዋን። የዚያን ቀን የተጠገነ ሱሪ ይዛ ከደረጃው ሥር ወዳለው የሽማግሌው ክፍል ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች፤ ካሜራዋም እስከ ክፍሏ በር ድረስ ተከተለቻት። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ የሚታየው ከፎቁ በረንዳ ተነስቶ በበሯ ፊት በሚያልፈው የልብስ ገመድ ላይ ወርዶ የሚወዛወዝ አንሶላ ብቻ ነው።

«ሌላ ማን ይሆናል?» አለ የልጅየዋ ባል። ልጅየዋም በንዴት ጦፋ «እሷ ናት፣ ውሰዱልኝ!» ብላ ለፖሊስ ተናገረች።

ባልደረቦቿ «ጉጠት» የሚሏት መርማሪ መጣች። የያዘችውን አትለቅም ለማለት ነው። መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ግቢውን ወዲያ ወዲህ ስትል ካሜራዋም ዝዝዝ እያለች ትከተላታለች። 

«እህቴ፣ እኔ አባባን?» አለች ተከራይዋ ወደ ልጅየዋ ዞራ፣ እንባዋ እየወረደ። «ሱሪያቸውን ስሰጣቸው መረቁኝ። ከዚያ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም።»

መርማሪዋ ወደ ባልየው ዞረች። «እርስዎስ?»

«ፎቅ ተኝቼ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«ገመዱ ላይ ያለውን አንሶላ ማን አሰጣው?»

«እኔ። አጠብኩት፣ አሰጣሁት፣ ተኛሁ።»

«ጎበዝ ባል ነዎት።» እስካሁን ያልተነሳውን አንሶላ ሄዳ በመዳፏ ዳሰሰች።

ከዚያ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ በወንበር አስቀመጠቻቸው። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከተከራይዋ አጠገብ ቆሟል።

«ሽማግሌው የተገኙት ልብስ ሰፊዋ ያመጣችላቸውን ሱሪ ለብሰው ነው፤ እሷ ስትወጣ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ይቺ ካሜራ የተከተለችው ሰው ሲሰወርባት እዚያው አፍጥጣ ትቀራለች» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ አንሶላው እስኪወርድ ድረስ የልብስ ሰፊዋን በር ነበር የምትጠብቀው። በሩ አልተከፈተም። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ፎቅ ወጥታ አንሶላውን ልታወርድ አትችልም። አንሶላው ሲወዛወዝ ግን ካሜራዋ እሱን ስትጠብቅ ዋለች፤ ገዳዩም ከጀርባዋ ደረጃውን ወርዶ ገባ፣ ወጣ።»

«ልብስ ማስጣት ወንጀል ሆነ እንዴ?» ሳቀ ባልየው።

«አይደለም። ግን ይሄን እዩት።» አንሶላውን ዘረጋችው። ከቁም ሳጥን የወጣበት እጥፋት መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። «ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ውሃው ባጠፋው ነበር። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ካሜራዋ በጨርቅ እንደምትታለል ማን ያውቅ ነበር?»

«ካሜራዋን የገዛችው እሷ ናት!» አለ ባልየው ወደ ሚስቱ እየጠቆመ።

ልጅየዋ ካሜራዋን የገዙበት ሱቅ ትዝ አላት። ሻጩ «ውዱ ሰውን ከሌላው ይለያል። ይሄኛው የተሰጣ ልብስ ሲወዛወዝ ካየ ሰው ትቶ እሱን ይከተላል» ብሏቸው ነበር። ዝም ብትል ባሏ ይተርፍላታል፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ትታሰራለች። ተከራይዋን አየቻት። የአባቷ ሱሪ ክር አሁንም ቀሚሷ ላይ ተጣብቋል።

«ሻጩ ነግሮናል» አለች ወደ ባሏ ዞራ። «እኔ ውዱን ልግዛ ስል "ይሄው ይበቃናል" ብለህ እጄን ይዘህ የመለስከኝ አንተ ነህ። አባዬ ቤቱን አልሸጥም ባሉህ ሳምንት!»

«ምን ላድርግ!» ጮኸ። «ለምኜ ለምኜ እንቢ አሉኝ!»

ከወንበሩ ዘሎ ወደ ግቢው በር ሮጠ። ሌላው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀርቷል። ካሜራዋ ዝዝዝ ብላ አንገቷን አዞረችና እሱን ብቻ እየተከተለች፣ ፖሊሱ በሩ ላይ አንቆ እስኪይዘው ድረስ ቀረጸችው።

ልጅየዋ ተከራይዋ እግር ላይ ወደቀች።