ከምላስ ሥር የተገኘው ክር

ይህ እኔው ላይ የደረሰ ነው። የሚያምን ይመን፣ የማያምን የራሱ ጉዳይ። በራሴ ላይ ባይደርስ ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ሰዓቱ ቀን ሰባት ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬ ላይ ተንጣልላለች። ጨለማ የለ፣ ነፋስ የለ... ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ከሌሊት ይልቅ ቀኑ የሚያስፈራኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳሎኑ የሥራ ቦታዬ ነው። መኝታ ክፍሉ የታናሽ እህቴ ነው፤ ሚጣ እላታለሁ፣ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ድመቴ ናት። ነጭ ስለሆነች ዳንቴል ብያታለሁ።

ድመቴ ስል ልብ በሉ... የእኔ። ዓይኗ ሳይገለጥ ከቱቦ አፍ አንስቼ፣ ወተት በጥጥ እያጠባሁ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ሚጣ እኔ ጋ ልትኖር ከመጣች ወዲህ ግን ዳንቴል የሚጣ ሆነች። የምትተኛው የሚጣ ሰማያዊ ሹራብ ላይ ነው። ሚጣ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። እኔ ስጠራት ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

ቀናሁ። አልደብቅም፣ አሁንም እቀናለሁ።

አንድ ሰሞን ዳንቴል መብላት ተወች። ለሃጯ ይንጠባጠባል። አፏን በእግሯ ትነካካለች።

"እትዬ፣ ሐኪም ጋ እንውሰዳት" አለች ሚጣ።

"ሐኪም ምን ያውቃል? እኔ አውቃታለሁ።"

ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ብንሄድ ዳንቴል የምትሄደው በሚጣ እቅፍ ነው። እኔ ኋላ ኋላ፣ ቦርሳ ይዤ... በፍጹም። የማድናት እኔ መሆን አለብኝ።

ሚጣ ወደ ሥራ ስትወጣ ስልኬን ከፈትኩ። ኢንተርኔት ላይ "ድመቴ አልበላ አለች፣ ለሃጯ ይወርዳል" ብዬ ፈለግሁ። አንዱ የጥርስ ሕመም ነው ይላል። ሌላው ኩላሊቷ ነው ይላል። አንዱማ ጭራሽ ድመቷን ሊያስቀብረኝ ምንም አልቀረው። መጨረሻ ላይ ሰዎች ስለ እንስሳት የሚጠያየቁበት ገጽ አገኘሁና ጥያቄዬን እዚያ ጻፍኩ።

ጣቴን ሳላነሳ መልስ መጣ። የመለሰችው ስሟ "የድመት እናት" ይላል።

"ምላሷን አንስተሽ ሥሩን እዪ።"

ዳንቴልን በፎጣ ጠቅልዬ አፏን ከፈትኩ። ምላሷ ሥር ክር ተጠምጥሟል።

ሰማያዊ ክር... የሚጣ ሹራብ።

እስቲ አስቡት። ቤቱን የሞላው የእኔ ክር ነው። ወለሉ ክር፣ ጠረጴዛው ክር። እሷ ግን መርጣ የሚጣን ዋጠች።

"ክር አገኘሁ" ብዬ ጻፍኩ።

"የእህትሽ ሹራብ ነው አይደል?"

ጥያቄዬን መልሼ አየሁት። ስለ እህት አንድም ቃል አልጻፍኩም። ስለ ሹራብም።

"ማን ነሽ?"

"ክሩን ሳቢው። ከወጣ ያንቺ ብቻ ትሆናለች።"

ስልኩን ወዲያ መጣል ነበረብኝ። ግን "ያንቺ ብቻ" የሚለውን ደግሜ አነበብኩት... ደግሜ ደጋግሜ።

ስልኩ ጠራ። ሚጣ ናት። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስለነበር በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"እትዬ... የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅኩት። አፏ ውስጥ ክር ካለ እንዳትነኩት አለ። ከተሳበ አንጀቷን ይቆርጠዋል።"

"እሺ።"

"መጣሁ። እንዳትስቢው፣ እሺ?"

"እሺ አልኩሽ።"

የእሷ ሐኪም። የእሷ ክር። የእሷ ድመት።

ሳብኩት።

ትንሽ ብቻ... መጣ። ዳንቴል አልጮኸችም። እንደገና ሳብኩ። መጣ። ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት። ከአፏ የወጣ ክር ነው፣ ግን አልራሰም። ደረቅና ሞቃት ነበር፣ ልክ አሁን ከሰው ላይ እንደወለቀ ልብስ።

ከዚያ ክሩ ተወጠረ።

እና ከወዲያ በኩል... ተሳበ።

ቀስ ብሎ። ልክ እኔ እንደምስበው። ትንሽ... ቆም... ትንሽ። ጣቴን ወደ ዳንቴል አፍ ይዞት ሄደ። እሷ ዝም ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሚጣ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

በሌላ እጄ መቀሱን አንስቼ ክሩን ቆረጥኩት። የቀረው ሹልክ ብሎ ገባ።

ሚጣ ስትደርስ ዳንቴል ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። ሚጣ በሹራቧ ጠቅልላ፣ አቅፋ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። እኔም ኋላ ኋላ ተከተልኩ... ቦርሳ ይዤ።

ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ አዳናት። "አንጀቷ መቆረጥ ጀምሮ ነበር። ማነው የሳበው?" አለ። ሚጣ ወደ እኔ ዞረች።

ከሆዷ ያወጣውን በሳህን አሳየን። አጭር ነጭ ክር ነው። የስፌት ክር... የእኔ።

"ሰማያዊውስ?" አልኩት።

"ምን ሰማያዊ?"

ጣቴን አየሁት። የጠቀለልኩት ክር የለም። የተጠመጠመበት ቦታ ግን ሰርጉዷል።

የሚጣን ሹራብ አገላብጬ አየሁት። አንድም ቦታ አልተተረተረም። ያንን ገጽም ፈለግሁት። ጥያቄዬም የለ፣ "የድመት እናት"ም የለች።

ዳንቴል ድናለች። ሚጣ ጭን ላይ ትተኛለች። እኔን ስታይ ትነሳና ትሄዳለች።

አሁን ለምን እንደምጽፍላችሁ ልንገራችሁ። ከትናንት ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። ለሃጬ ይወርዳል። ሚጣም በር ላይ ቆማ አየችኝና፣

"እትዬ፣ ሐኪም ጋ እንሂድ" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልኳት።

ወደ መኝታ ክፍሏ ስትገባ መስታወት ፊት ቆሜ ምላሴን አነሳሁ።

ሰማያዊ ክር...

ይኸው አሁን ቀን ሰባት ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ የስፌት መኪናዬ ላይ ናት። ሚጣ መኝታ ክፍል ውስጥ ዳንቴልን እየዳበሰች ነው፣ ድመቷ ስታንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ሚጣ በዳበሰቻት ቁጥር ክሩ ጉሮሮዬ ውስጥ ወደ ታች ይሳባል።

ትንሽ... ቆም... ትንሽ...